የኮሌጅ ሬስለሩና የ15,000 ዶላሩ ጥያቄ፦ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

ሥራዬ ታክስ መሥራት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉ ደንበኞቼ አንዱ ቤተሰብ የኮሌጅ ሬስለር፣ ማለትም የትግል ስፖርተኛ፣ ልጅ አላቸው። የምጽፈው የእነሱን ጉዳይ ነው፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስምና ልጁ የሚወዳደርበትን ክብደት አላነሳም። የቤተሰቡን የገንዘብ መጠኖች ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አሜሪካን ፉትቦልና ስለ ባስኬትቦል ልጆች ሚሊዮኖች ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ የተነሳ የሌላው ስፖርት ወላጅም ልጁ ዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ከገባ ገንዘብ የሚጎርፍለት ይመስለዋል። ሬስሊንግ ውስጥም ገንዘብ አለ። ግን ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው የሚመጣውም ከለጋሾች ኪስ ነው። ሲቆም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነግርህ የለም። ይህ ቤተሰብ ሦስቱንም ባንድ ዓመት ውስጥ አይቷል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እስከ 2021 ድረስ የኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። በጁን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞች ጉዳይ የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር፣ በኤን ሲ ኤ ኤ ላይ 9 ለ 0 ፈረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 1፣ ኤን ሲ ኤ ኤ በሩን ከፈተ። ልጆቹ ስማቸውን፣ መልካቸውንና ዝናቸውን ለማስታወቂያ ማከራየት ቻሉ። ኤን አይ ኤል የሚባለው ይህ ነው። ብዙም ሳይቆይ በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ከደጋፊዎች ገንዘብ ሰብስበው ለልጆቹ የሚያከፋፍሉ ኮሌክቲቭ የሚባሉ ድርጅቶች ተፈጠሩ።

ሬስሊንግ ከድሮም ስኮላርሺፕ የሚያጥረው ስፖርት ነው። አንድ የዲቪዥን አንድ ቡድን መስጠት የሚችለው በድምሩ 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። ይህ የሚሸነሸነው ለሠላሳና ከዚያ በላይ ለሚሆን ልጅ ነው። የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ቡድን 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ነው ይህ የሚሆነው። ስለዚህ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው ሬስለር ብርቅ ነው። 25 በመቶ የሚያገኝ ልጅ ደህና አግኝቷል ይባላል።

ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ስፖርተኞች ኤን ሲ ኤ ኤን የከሰሱበትን የሃውስ ክስ የሚባለውን ጉዳይ የሚዘጋውን ስምምነት አፀደቁ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በቀጥታ ለስፖርተኞች መክፈል ይችላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። በዚሁ ስምምነት ለቀድሞ ስፖርተኞች የተመደበው ካሳ በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች (የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ምድቦች) ሲከፋፈል ወደ 75 በመቶው ለፉትቦል፣ 15 በመቶው ለወንዶች ባስኬትቦል፣ 5 በመቶው ለሴቶች ባስኬትቦል ሆነ። የቀረችው 5 በመቶ ለሌላው ስፖርት በሙሉ ናት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አዲሱን ገንዘብ ሲያከፋፍሉም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ሬስለሩ ከዋናተኛው፣ ከሯጩ፣ ከቴኒስ ተጫዋቹ ጋር ሆኖ በዚያች 5 በመቶ ላይ ይሰለፋል።

ለየት ያሉ ቦታዎች አሉ። አዮዋ፣ ፔን ስቴትና ኦክላሆማ ስቴት ሬስሊንግ ትልቅ ነገር የሆነባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በኖቬምበር 2015 አዮዋና ኦክላሆማ ስቴት በፉትቦል ስታዲየም ሲገጥሙ 42,287 ሰው ገብቶ ነበር። ለየት ያሉ ልጆችም አሉ። ካይል ስናይደር በ2016 ሪዮ ላይ ወርቅ ሲወስድ ገና የኦሃዮ ስቴት ተማሪ ነበር፤ ለወርቁ 250,000 ዶላር ተሸለመ። ጌብል ስቲቭሰን ከቶኪዮ ወርቁ በኋላ የትርዒት ትግል ከሚያዘጋጀው ኩባንያ ከደብሊው ደብሊው ኢ ጋር ተፈራርሞም ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መወዳደሩን ቀጥሎ ነበር። ልጆቻችን ኢንስታግራም ላይ የሚያዩት እነዚህን ነው። ወደ 80 ከሚጠጉት የዲቪዥን አንድ ቡድኖች የአብዛኛዎቹ ኑሮ ግን ይህን አይመስልም።

ቤተሰቡና ልጁ

አባትየው ኤርፖርት ይሠራሉ። እናትየው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ሺፍት ናቸው። ልጁ እዚሁ የተወለደ ነው፤ ሬስሊንግ የጀመረው መለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ነው። መጀመሪያ ላይ ወላጆቹ አልወደዱትም። እናትየው “ልጄ ሲወድቅ ማየት አልችልም” ብለው ዓመት ሙሉ ውድድር አልሄዱም። ኋላ ላይ ከልጁ የበለጠ የሚጮኹት እሳቸው ሆኑ።

በ2023 መኸር ከቨርጂኒያ ውጭ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የተሰጠው የትምህርት ክፍያውን 25 በመቶ ነው። የቀረውን ወላጆቹ ፓረንት ፕላስ በሚባለው ብድር ሸፈኑ። ይህ ብድር የወላጅ ዕዳ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ ቢይዝ እንኳ ወረቀቱ ላይ ያለው የእነሱ ስም ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሬድሸርት ሆነ፤ ማለትም ተለማመደ እንጂ የውድድር ዓመት አልተቆጠረበትም።

ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ኮሌክቲቩ በወር 500 ዶላር ይከፍለው ጀመር። ኮንትራት አልነበረም። አንድ የኮሌክቲቩ ሰው ስልክ ደውሎ “እስከሚቀጥለው ሜይ ድረስ እንቀጥላለን” አለው፤ ስምምነቱ ይኸው ነው። በምላሹ ልጁ አልፎ አልፎ ፖስት ያደርጋል፣ አንድ ሁለት የደጋፊዎች እራት ላይ ይገኛል። ወሬው አዲስ አበባ ደርሶ አንዲት አክስት “ልጁ ፕሮፌሽናል ሆነ አሉ” ብለው ደውለው ነበር። አባትየው ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው፤ ግን ትንሽም ኮርተዋል።

የመጀመሪያው ችግር፦ ታክስ

የ2024ን ታክስ ልንሠራ ስንቀመጥ ልጁ 1099 የሚባለውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። “አንክል፣ ይሄ ደብልዩ ቱ ነው?” ይላል። አይደለም፤ ደብልዩ ቱ አሠሪ ለሠራተኛው የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት ነው። 1099 ማለት አሠሪ የለህም፣ አንተው ራስህ ቢዝነስ ነህ ማለት ነው። ማንም ታክስ አልቆረጠልህም።

የዓመቱን ገቢ ሰበሰብን። ከኮሌክቲቩ 4,500 ዶላር አለ። ለሕፃናት የግል ትምህርት ሰጥቶ ያገኘው 1,200 ዶላር አለ። ለፖስት ልዋጭ የተሰጠው ጫማና ልብስ ደግሞ 300 ዶላር ያወጣል፤ ዕቃም ቢሆን ገቢ ነው። ድምሩ 6,000 ሆነ። የመኪና ጉዞና የአፕ ኮሚሽን 700 ዶላር ወጪ አለው። የተጣራው 5,300 ነው።

አባትየው ገቢው ትንሽ ስለሆነ ታክስ የለበትም ብለው ነበር። ለተለመደው የገቢ ታክስ ልክ ናቸው፤ ምንም አልመጣበትም። ሰልፍ ኤምፕሎይመንት ታክስ የሚባለው ግን የሚጀምረው ከ400 ዶላር የተጣራ ገቢ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚቆረጠው ነው፤ 15.3 በመቶ። ለእሱ ወደ 749 ዶላር መጣ። የፌዴራሉ ዕዳ ከ1,000 በታች ስለሆነ በየሩብ ዓመቱ አልከፈልክም ተብሎ አልተቀጣም። ልጁ ግን ገንዘቡን አስቀድሞ በልቶታል። ከፋዩ አባትየው ሆኑ፤ ያን ሰሞን የደረሳቸውን እቁብ ላይ ነካ አድርገው።

ሁለት ነገር ጠየቁኝ። ልጁን በታክሳችን ላይ ዲፔንደንት (ጥገኛ) ማድረግ እንችላለን ወይ? ይቻላል። ተማሪ ነው፣ ከ24 ዓመት በታች ነው፣ ከግማሽ በላይ ኑሮውን ራሱ አልቻለም። ፋፍሳ ላይ፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻው ላይ፣ ይጎዳናል ወይ? በዚህ መጠን አይጎዳም። የተማሪ ገቢ የተፈቀደውን ያህል ካለፈ ግን ያለፈውን ግማሽ ለትምህርቱ እንዲያውል ይጠበቅበታል። ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ታክስ ስለሆነ ዛሬ የተበላ ገንዘብ ወደፊት ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል ዕርዳታ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚያውቀው ከመጣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ችግር፦ ሮስተር (የቡድን አባላት ዝርዝር)

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የወር ክፍያው ቀረ። ልጁ ሲደውል ስልኩ አይነሳም። በማርች ደግሞ አሰልጣኙ አስጠርተው ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እንደሌለው ነገሩት።

ምክንያቱ ያው የሃውስ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብን አንስቶ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ላይ ገደብ አደረገ። ለሬስሊንግ 30 ነው። ከዚህ በላይ ልጅ የያዙ ቡድኖች መቀነስ ጀመሩ፤ ስምምነቱ ገና ሳይፀድቅ። እንግዲህ በወረቀት ሲታይ አሠልጣኝ ለሠላሳውም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲው አዲስ የጨመረው ስኮላርሺፕ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ከ20.5 ሚሊዮኑ ጣሪያ ላይ ይቀነሳል። ፉትቦሉ እያለ ለሬስሊንግ ያን የሚያደርግ ጥቂት ነው።

የዚህ ለውጥ ክፉ ጎን የወደቀው እንደዚህ ልጅ ባሉት ላይ ይመስለኛል። ኮከቦቹ አይነኩም። 31ኛውና 35ኛው ልጅ ናቸው የሚወጡት፤ ወላጆቻቸው የተበደሩት ዕዳ ግን እንዳለ ነው።

በኤፕሪል መጨረሻ ዳኛ ዊልከን በዚሁ ነጥብ ላይ አቋም ያዙ። በገደቡ ምክንያት ቦታቸውን ያጡት ልጆች ነገር ካልተስተካከለ አላፀድቅም አሉ። ተከራካሪዎቹ ስምምነቱን አሻሻሉ። በገደቡ ሰበብ የተቀነሱ ወይም ሊቀነሱ የነበሩ ልጆች ስማቸው በዝርዝር ይያዛል። ዩኒቨርሲቲው መልሶ እንዲወስዳቸው አይገደድም። ነገር ግን እነዚህ ልጆች የትም ቡድን ቢሄዱ ከ30ው ውስጥ አይቆጠሩም። ይህ የሚሠራው የመወዳደሪያ ዘመናቸው እስኪያልቅ ነው።

ይህን የሰማነው ከአንድ የቡድን ጓደኛው ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ራሳቸው አልነገሩትም። ልጁ ለስፖርት ሕግ ጉዳዮች ቢሮ ኢሜይል ጻፈ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ካለ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ። አለህ የሚል መልስ መጣ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተላኩት ደብዳቤዎች ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራው ይህ ነው። ለሌላ አሰልጣኝ “ብትወስደኝ ከ30ው ቦታህ አንዱን አልይዝብህም” ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለአሰልጣኞች በላከው ኢሜይል ሁሉ ላይ አያያዘው።

ሁለቱ አማራጮች

በጁን መጨረሻ ሁለት ግብዣ ቀረበ።

አንደኛው ከሩቅ ክፍለ ግዛት ያለ፣ በሬስሊንግ ስሙ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስኮላርሺፕ የለም። ከኮሌክቲቩ ግን በዓመት 15,000 ዶላር አለ። ግብዣው የመጣው በአንድ ኤጀንት በኩል ነው፤ ኤጀንቱ 15 በመቶ ይወስዳል። ሁለተኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ አነስ ያለ የዲቪዥን አንድ ቡድን ነው። ኤን አይ ኤል የለም። 6,500 ዶላር ስኮላርሺፕ አለ።

አባትየው “አሥራ አምስት ሺህ በካሽ እየሰጡት ወዴት ነው የሚሄደው?” አሉ። እናትየው “ካሹን ተወውና ቀሪውን ማን ነው የሚከፍለው?” አሉ። ልጁ ዝም አለ፤ የእሱ ልብ የነበረው ግን ከታወቀው ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። እኔ ወረቀት አወጣሁ።

መጀመሪያ 15,000ው ምን ያህል እንደሆነ አየን። ኤጀንቱ 2,250 ይወስዳል። በቀረው ላይ ሰልፍ ኤምፕሎይመንት ታክስ ወደ 1,800 ይመጣል። እጁ ላይ የሚቀረው ወደ 10,950 ነው፤ የክፍለ ግዛት ታክስ ሳይነሳ። የዩኒቨርሲቲው የዓመት ጠቅላላ ወጪ፣ ትምህርት፣ መኖሪያና ምግብ ተደምሮ፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣ ተማሪ 58,000 ነው። ፔል ግራንቱ 3,000 ነው። ቤተሰቡ ላይ የሚቀረው ወደ 44,050 ነው።

የቨርጂኒያው ጠቅላላ ወጪ ለነዋሪ 34,000 ነው። ከዚያ ላይ 6,500 ስኮላርሺፕ፣ 3,000 ፔል፣ እንዲሁም ከክፍለ ግዛቱ በገቢያቸው ምክንያት የሚሰጥ 4,000 ይቀነሳል። የሚቀረው 20,500 ነው።

ልዩነቱ በዓመት ወደ 23,550 ዶላር ነው። የፓረንት ፕላስ ወለድ ለ2025-26 8.94 በመቶ ነው። ያን ልዩነት በ10 ዓመት ቢከፍሉት በወር 300 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ይህም የአንድ ዓመቱ ብቻ። አባትየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ካዩ በኋላ “ታዲያ 15,000ውን የምንከፍለው እኛው ነና” አሉ። ልክ ብለዋል።

ኮንትራቱን ማንበብ

ቁጥሩ በቂ ነበር። ቢሆንም ኮንትራቱን አነበብነው፤ ልጁ ማወቅ ስላለበት። እኔ ጠበቃ ስላልሆንኩ አንድ የማውቀው ጠበቃም አየው።

ክፍያው በየወሩ ነው፤ ግን ልጁ ከሮስተር ከወጣ በዚያው ቀን ይቆማል። ኮሌክቲቩ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያለምንም ምክንያት ማቋረጥ ይችላል፤ ልጁ ግን ዓመቱን ሙሉ ታስሯል። ምስሉንና ስሙን ውሉ ካለቀ በኋላም ኮሌክቲቩ መጠቀም ይችላል። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ደግሞ “የማኅበራዊ ሚዲያና የማኅበረሰብ ተግባራት” ይላል። ስንት ፖስት? የት? ለማን? የለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከአዲሱ ሕግ በኋላ ትልቅ ነገር ነው። ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ልጅ ከውጭ ወገን ጋር 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ውል ከፈረመ ኤን አይ ኤል ጎ በሚባለው ሲስተም ላይ ማስመዝገብ አለበት። ሲስተሙን የሠራው ዴሎይት ነው። የጊዜ ገደቡ ከተፈረመ በኋላ 5 የሥራ ቀን ነው። ከፋዩ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተቆራኘ ሲሆን ገንዘቡ ለእውነተኛ ሥራ መሆኑና መጠኑም ተገቢ መሆኑ ይመረመራል። ሥራው ያልተጻፈበት ውል እዚያ ላይ ቢሰናከል የሚጎዳው ልጁ ነው። ጠበቃው ሥራው በዝርዝር ይጻፍ ብሎ ጠየቀ። ኤጀንቱ “ሁሉም የሚፈርመው ይህን ነው” አለና ሌላ መልስ አልሰጠም።

ልጁ እንዴት ወሰነ

ወላጆቹን ያሳመናቸው ሒሳቡ ነው። ልጁን ግን አላሳመነውም። የ20 ዓመት ልጅ ፊት የብድር ወለድ ብታነብ ቋንቋህን አይሰማም።

እሱን ያሳመነው የራሱ ጥያቄ ነው። ለሁለቱም አሰልጣኞች ደውሎ በእኔ ክብደት ማን አለ ብሎ ጠየቀ። በኮሌጅ ሬስሊንግ አሥር ክብደት አለ፤ ከ125 እስከ 285 ፓውንድ። በአንድ ክብደት የሚወዳደረው አንድ ልጅ ነው። ሁለተኛ የሆነ ልጅ አንደኛው ካልታመመ ወይም ካልተጎዳ በስተቀር ትልቅ ግጥሚያ አያይም። የታወቀው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም የሚመረቁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የቨርጂኒያው አሰልጣኝ “ያለው ልጅ አንድ ነው፤ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ትገጥመዋለህ፣ ያሸነፈ ቋሚ ተወዳዳሪ ይሆናል” አሉት። በማግስቱ ወሰነ።

ይህን ሳየው ጥያቄው የገንዘብም ነው። ምንጣፉ ላይ የማይታይ ልጅ ስሙን ለማን ያከራያል?

ያልተሳካውና የተሳካው

ከመጀመሪያው ኮሌክቲቭ የቀረው የ5 ወር ክፍያ፣ 2,500 ዶላር፣ አልተገኘም። ደብዳቤ ተጻፈ። መልሱ የጽሑፍ ስምምነት የለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ የለም። በዚያ ወቅት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ራሳቸው ሲይዙት ብዙ ኮሌክቲቮች እየተዘጉ ነበር። ጠበቃውም ለ2,500 ዶላር ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዶ መክሰስ ከሚገኘው በላይ ያስወጣል አለ። ተወው ተባለ።

ስኮላርሺፑን የሁለት ዓመት ለማድረግ የተደረገው ልመናም አልሆነም። የአንድ ዓመት ሆኖ እየታደሰ ይሄዳል ተባለ። ለሚቀጥለው ዓመት መታደስ አለመታደሱን ዩኒቨርሲቲው እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅ ስላለበት ቤተሰቡ ያን ቀን ይዟል።

ሳይታሰብ የመጣው ችግር ክሬዲት ነው። ልጁ 54 ክሬዲት ነበረው፤ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ 9ኙን አልተቀበለም። 45 ቀረው። በኤን ሲ ኤ ኤ ሕግ ሦስተኛ ዓመቱን የሚጀምር ስፖርተኛ ለዲግሪው ከሚያስፈልገው 40 በመቶውን ጨርሶ መገኘት አለበት። ለ120 ክሬዲት ዲግሪ ይህ 48 ነው። ሦስት ክሬዲት ጎደለ ማለት ነው፤ መወዳደር አይችልም። ይህ የታወቀው ጁላይ ላይ ነው። ደግነቱ አንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አጭር የበጋ ኮርስ ነበረው፤ ልጁ ቀን መጋዘን እየሠራ ማታ ተማረው። አለፈ። ቢወድቅ ኖሮ ስኮላርሺፑም፣ ከሠላሳው ውጭ መቆጠሩም አንድም አይጠቅመውም ነበር። ሁላችንም ዓይናችን ገንዘቡ ላይ ነበርና ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠይቃ ያገኘችው የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት አማካሪ ናት።

የተሳካው፦ የዓመቱ ብድር ከግማሽ በላይ ወረደ። ልጁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ለቋሚ ተወዳዳሪነት ገጠመ፤ ተሸነፈ፣ በሁለተኛው አሸነፈ። አንድ የሐበሻ ካፌ 1,000 ዶላር ከፍሎ ለአራት ፖስትና ለአንድ ቅዳሜ አስፈረመው። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ የፖስቱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ክፍያው ሁሉ ተጽፏል። ከ600 በላይ ስለሆነ ተመዘገበ፣ አለፈም። ከ1,000ው ላይ 200ውን ለታክስ በሌላ አካውንት አስቀምጦታል፤ ይህን ያደረገው ማንም ሳይነግረው ነው።

ለሌላ ቤተሰብ የሚሆን

ግብዣ ሲመጣ የሚሰጣችሁን ሳይሆን የሚቀርባችሁን አስሉ። ከጠቅላላ ወጪው ጀምራችሁ የማይመለሰውን ዕርዳታ ቀንሱ። ኤን አይ ኤሉን መጨረሻ ላይ አስገቡት፤ ያውም ከታክስና ከኤጀንት በኋላ ያለውን። የለጋሾች ገንዘብ በዓመቱ አጋማሽ ቢቆም መክፈል የምትችሉት ቦታ ከሆነ ብቻ ነው ልጁ መሄድ ያለበት። እኔ በግሌ የሬስሊንግን ኤን አይ ኤል በወላጅ በጀት ውስጥ ጨርሶ አላስገባም።

በስልክ የተነገረን ነገር ሁሉ ልጁ ራሱ በኢሜይል መልሶ ይጻፈው፦ “ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው...” ብሎ። የእኛ ሰው ይህን እንደ ነገረኝነት ያየዋል። አባትየውም “አላመነኝም ይሉታል” ብለው ፈርተው ነበር። አሰልጣኞቹ ግን ለምደውታል፤ አንዳቸውም ቅር አላላቸውም።

ስለ ቡድኑ ራሱም ጠይቁ። ሬስሊንግ በጀት ሲጠብ ቶሎ የሚዘጋ ስፖርት ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን በኤፕሪል 2020 ዘግቷል። ስታንፎርድም በዚያው ዓመት ከሚዘጉት 11 ስፖርቶች ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በሜይ 2021 ነው ሐሳቡን የቀየረው። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሬስሊንግን ለማቆየት ምን ያህል ቃል ገብተዋል የሚለው ጥያቄ ነውር አይደለም።

ክሬዲትም ገንዘብ ነው። ዝውውር ከመፈረሙ በፊት የትኛው ኮርስ እንደሚያልፍ በጽሑፍ ይምጣ። ከ2024 ወዲህ ትምህርቱ ደህና የሆነ ልጅ ደጋግሞ ቢዛወር ወዲያው መወዳደር ይፈቀድለታል። ስለዚህ መዛወር ቀላል መስሏል። በየዝውውሩ የሚጠፋው ክሬዲት ግን የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ልጅ ዜጋ ስለሆነ አልተነሳም። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ፣ በኤፍ ዋን፣ መጥተው በሩጫ ስኮላርሺፕ የሚማሩ ልጆች አሉ። ለእነሱ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። በትምህርት ወቅት የሚፈቀድላቸው ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ነው። እዚህ አገር ሆነው ለማስታወቂያ ቪዲዮ መቅረጽ ወይም በክፍያ ፖስት ማድረግ ያለፈቃድ እንደመሥራት ሊቆጠር ይችላል፤ ቪዛቸውን አደጋ ላይ ይጥላል። ኤን ሲ ኤ ኤ ፈቀደ ማለት ኢሚግሬሽን ፈቀደ ማለት አይደለም። የካፌውን ዓይነት የ1,000 ዶላር ውል እንኳ ከመፈረማቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮም ይጠይቁ።